ስለ ተናቁ ፊልሞች ይግባኝ

የፍርድ ቤት መዝገብ በመጻፍ የሚኖር ሰው ከብዙ ዘመን ልምድ የተነሣ አንድ ነገር ይማራል። ይኸውም የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ የመጨረሻው ፍርድ አለመሆኑን ነው። በበታች ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ ብሎ ወደ በላይ ሲወጣ፤ መዝገቡም እንደ ገና ሲመረመር፤ ትናንት ጥፋተኛ የተባለው ዛሬ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ በእጃችን ጽፈናል። ይህን እያወቅን ግን በገዛ ቤታችን ውስጥ ምስክር ሳንሰማ ፈርደን ነበር። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የምናቀርበውም ከዚሁ ስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው። ትምህርቱን የሚወድና ለታላቆቹ የሚታዘዝ ልጅ ሲሆን፤ አንድ ዐመል አለው፤ ይኸውም አስፈሪ ፊልምና የድብድብ ፊልም መውደድ ነው። ያውም ዓለም ሁሉ የሚያመሰግነውን አዲሱን ሳይሆን፤ በወጣበት ቀን የተናቀውን፤ የተሰደበውን፤ አንዳንዱንም የተከለከለውን እየፈለገ ያያል። እንዲህ ያለው ፊልም ወዳጆቹ ጥቂቶች ቢሆኑም ጽኑዎች ናቸው፤ አንዱን ፊልም ዐሥርና ሃያ ጊዜ እያዩ አይሰለቹም። ፈረንጆቹም «ካልት» ይሉታል።

አንድ ማታ ከሥራ ስንመለስ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የሰው ደረት እንደ አውሬ አፍ ሲከፈት አየን። ምን እንደ ሆነ እንኳ ሳንጠይቅ፤ «ይህ የሰይጣን ሥራ ከቤታችን ይውጣ» ብለን አጠፋነው። ልጁም አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ሰላምታ ከመስጠት በቀር ከእኛ ጋራ አልተነጋገረም። በአንድ ገበታ እየበላን እንደ እንግዳ ሆንን። ባለቤታችን ነገሩን ታግሣ ከቈየች በኋላ፤ «እርስዎ በችሎት የተከሳሹን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ይጽፋሉ፤ በቤትዎ ግን ተከሳሹ አፉን እንኳ ሳይከፍት ተፈረደበት» አለችን። በዚህ ነገር አፈርን። በማግሥቱ ልጃችንን ጠርተን፤ «ይግባኝህን አቅርብ፤ እንሰማለን» አልነው። እርሱም ጥቂት ፈገግ ብሎ፤ «እሺ አባባ፤ ነገር ግን በመካከል ተነሥተው እንዳይሄዱብኝ እለምንዎታለሁ» አለን። ስለዚህ በየቅዳሜው ማታ አንድ አንድ ፊልም አብረን እስከ መጨረሻው እንድናይ ተስማማን።

እንዲህ ያለው ችኰላ በእኛ አልተጀመረም። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፤ እኛም ያፈሰስነውን ስንለቅም ያየነውንና የመሰለንን እነሆ እንጽፋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መጀመሪያ ያየነው በ1922 ዓ.ም. በጀርመን አገር ፍሪድሪኽ ሙርናው የሠራውን «ኖስፌራቱ» የተባለውን ድምፅ የሌለው ፊልም ነው። ታሪኩ የሰው ደም እየጠጣ ስለሚኖር አንድ መስፍን የሚናገር ሲሆን፤ የተወሰደው ብራም ስቶከር በ1897 ዓ.ም. ካሳተመው «ድራኩላ» ከተባለው መጽሐፍ ነው። ባለ ፊልሞቹ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ ስሞቹን ብቻ ለውጠው ስለ ሠሩት፤ የደራሲው መበለት ወይዘሮ ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሱ። በ1925 ዓ.ም. የጀርመን ፍርድ ቤት የፊልሙ ቅጂ ሁሉ እንዲጠፋ ፈረደ። እኛ ይህን ፍርድ ትክክል ነው እንላለን፤ የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ አይወሰድምና። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ቅጂዎች ወደ ሌላ አገር ወጥተው ስለ ነበር፤ ፊልሙ ከጥፋት ተርፎ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም ይታያል።

የዚህ ፊልም ኀይል በደም አይደለም። የዚያ ክፉ መስፍን ጥላ ብቻውን ደረጃውን ሲወጣ፤ የጣቶቹም ጥላ በግድግዳው ላይ ሲረዝም ያየ ሰው ከዚያ በላይ እንዲያሳዩት አይሻም። በልጅነታችን ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን የጅብ ነገር ሲወራ፤ ያስፈራን የነበረው በዐይናችን ያየነው ጅብ ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ ድምፁ የሚሰማው ነበር። ደግሞ ልጃችን እንዳስረዳን፤ ደም ጠጪው በፀሐይ ብርሃን ይሞታል ተብሎ ዛሬ በሁሉ ዘንድ የታወቀው ነገር በስቶከር መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የመጣው ከዚህ ፊልም ነው። ያለ ፈቃድ የወሰደው ሰው ከራሱም አንድ ነገር ጨምሮበት ኖሯል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያየነው ቶድ ብራውኒንግ በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ የሠራው «ፍሪክስ» የተባለው ፊልም ነው። ይህ ፊልም በሰርከስ ቤት ስለሚኖሩ አካላቸው እንደ ሌላው ሰው ስላልሆነ ሰዎች የሚናገር ነው። ተጫዋቾቹም በእውነት እንዲሁ የተፈጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ፕሪንስ ራንዲያን የተባለው እጅና እግር ሳይኖረው በአፉ ብቻ ክብሪት ጭሮ ሲጋራውን ሲያቀጣጥል ይታያል። አንዲት መልከ መልካም ሴት ቁመቱ አጭር የሆነውን ሰው ለገንዘቡ ስትል አግብታ በመርዝ ልትገድለው ታስባለች። በሠርጉ ቀን ወዳጆቹ ከእኛ እንደ አንዷ ሁኚ ብለው በአንድ ዋንጫ ሲጠጡ፤ እርስዋ ወይኑን በፊታቸው ላይ ደፋችው። አንባቢ ሆይ፤ የተዘረጋውን ዋንጫ የደፋ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ስለ ተጸየፈው የፊልሙ ሢሶ ያህል ተቈረጠ፤ በእንግሊዝ አገርም ሠላሳ ዓመት ያህል እንዳይታይ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች እንደ ገና አይተው፤ አስቀያሚው መልካቸው ያልሆነላቸው ሰዎች ሳይሆኑ ልቧ የከፋው ቈንጆ ናት የሚለውን ነገር አስተዋሉ። እኛ አንድ ተቃውሞ አለን። በመጨረሻው እነዚያ የተገፉት ሰዎች በዝናብና በጭቃ እየተሳቡ ሲበቀሉ ያሳያልና፤ ፊልሙ እንድናከብራቸው ካስተማረን በኋላ ተመልሶ እንድንፈራቸው አደረገን። ስለዚህ ይግባኙ በከፊል ተቀባይነት አግኝቷል ብለን ፈረድን። ልጃችን ግን በዚህ አልተስማማም፤ «ተበዳይ ሁልጊዜ ትዕግሥተኛ መሆን አለበትን?» ብሎ ጠየቀን። መልሱን እስከ ዛሬ እናስባለን።

ልባችንን ከሁሉ ይልቅ የነካው በ1955 ዓ.ም. የተሠራው «የአዳኙ ሌሊት» የተባለው ነው። ሮበርት ሚቸም ሰባኪ መስሎ የሚዞር ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይጫወታል። በአንዱ እጁ ጣቶች ላይ ፍቅር፤ በሌላው እጁ ጣቶች ላይ ጥላቻ የሚል ጽሕፈት ተነቅሷል። ሁለት ሕፃናት አባታቸው የደበቀውን ገንዘብ ይዘው በሌሊት በታንኳ ከእርሱ ሲሸሹ፤ በወንዙ ዳር እንቍራሪቱና ጥንቸሉ ቁመው የሚያዩአቸው ይመስላሉ። በመጨረሻም ሊሊያን ጊሽ የምትጫወተው አንዲት አሮጊት ጠመንጃዋን ይዛ በወንበር ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቃቸዋለች። ወላጅ የሆነ ሁሉ ይህችን አሮጊት ቢያይ ይወዳታል።

ፊልሙን የመራው ቻርልስ ሎውተን የታወቀ ተጫዋች ነበር። ይህ ሥራው በወጣበት ጊዜ ስላልተወደደለት ሌላ ፊልም ሳይመራ በ1962 ዓ.ም. አረፈ። በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲኖሩ ከመረጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አገባው። ይግባኝ ሰሚው በመጨረሻ በደኅና ፈረደ፤ ነገር ግን ባለ ጉዳዩ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። ፍርድ መዘግየቱ ምን ያህል እንደሚጐዳ በችሎት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከድብድብና ከሩጫ ፊልሞች ወገን ልጃችን ያቀረበልን በስተር ኪተን በ1926 ዓ.ም. የሠራውን «ጄኔራል» የተባለውን ነው። ጄኔራል የሰው ማዕርግ ሳይሆን የባቡር ስም ነው። ነገሩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባቡሩን የተሰረቀ ሰው ሌቦቹን ሲያሳድድ ያሳያል። ኪተን በሚሮጠው ባቡር ላይ ሲዘልና ሲወድቅ የምናየው እርሱ ራሱን ነው። ድልድዩ ተቃጥሎ ባቡሩ ወደ ወንዙ ሲወድቅም፤ የወደቀው እውነተኛ ባቡር ስለ ሆነ ሁለተኛ ጊዜ ማንሣት የማይቻል ነበር። ፊልሙ ግን ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም፤ ኪተንም በ1928 ዓ.ም. ወደ ትልቅ ኩባንያ ገብቶ ነጻነቱን አጣ። እርሱ ከሎውተን የተሻለ ዕድል ነበረውና በ1966 ዓ.ም. ሳይሞት ሥራው እንደ ገና ሲመሰገን ሰማ።

እኛም ይህን አይተን፤ ዛሬ በኮምፒውተር ሺሕ ባቡር ቢወድቅ የዚያን የአንዱን ባቡር ክብደት አያህልም አልን። ልጃችን ወዲያው ጆርጅ ሚለር በ2015 ዓ.ም. ያወጣውን «ማድ ማክስ፤ ፊዩሪ ሮድ» የተባለውን ጠቀሰብን። በናሚብ በረሓ በእውነተኛ መኪናዎች አብዛኛው የተነሣ ነው። ጥቂቱን አይተን ጆሮአችን ቢደነቍርም፤ ነገራችንን አንሥተናል።

እንግዲህ የተናቀ ሁሉ በግፍ የተናቀ ነው ማለታችን አይደለም። ኤድ ዉድ የሠራው «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የተባለው ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። ድራኩላን በመጫወት የታወቀው ቤላ ሉጎሲ በ1956 ዓ.ም. ስለ ሞተ፤ በእርሱ ቦታ ከእርሱ የሚረዝም ሌላ ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ እንዲጫወት ተደረገ። የፊልሙ ወዳጆች የሚወዱት ስለ ጕድለቱ ነው ይባላል። እኛ የመጀመሪያውን ፍርድ አጽንተናል። ነገር ግን ሥራ የሚወድ፤ የሚችለው ግን ያነሰበት ሰው መሆኑን አይተን በቅጣቱ ላይ አስተያየት አድርገናል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ያየነው ያንኑ ያጠፋነውን ፊልም ነው። ስሙ «ዘ ቲንግ» ይባላል፤ ጆን ካርፔንተር በ1982 ዓ.ም. ያወጣው ነው። በዓለም ደቡብ ጫፍ በበረዶ ምድር የሚሠሩ ዐሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ያገኘውን ሕያው ፍጡር ሁሉ መስሎ መታየት የሚችል አውሬ በመካከላቸው ይገባል። እንግዲህ ከእነርሱ ሰው የሆነው ማን ነው? አውሬውስ ማን ነው? የእያንዳንዱን ደም በሳሕን ቀድተው በጋለ ሽቦ እየነኩ ሲፈትኑ፤ እኛ በችሎት የሐሰት ምስክር ሲመረመር ስናይ እንደምናደርገው ትንፋሻችንን ይዘን ቀረን። ፊልሙ ከሰማይ ስለ መጣ ደግ እንግዳ የሚናገረው «ኢ.ቲ.» ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ወጣ፤ ሕዝቡ ደጉን እንግዳ መርጦ ይህን ናቀው፤ ነቃፊዎቹም እጅግ ሰደቡት። ዛሬ ግን ከአስፈሪ ፊልሞች ሁሉ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው።

ያ የተከፈተው ደረት ዛሬም ያስጸይፈናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሲያልቅ ሁለት ሰዎች በሚቃጠለው ቤታቸው አጠገብ በበረዶው ላይ ተቀምጠው፤ አንዱ ሌላውን ሰው መሆኑን ሳያውቅ ጠርሙስ ይቀባበላሉ። በዚህ ጊዜ ያ የሦስት ሳምንት ዝምታችን ትዝ አለን። እኛም በአንድ ገበታ ተቀምጠን፤ የምናውቀው ልጅ የማናውቀው ሰው ሆነብን ብለን ፈርተን ነበርና። እርሱም ስለ እኛ እንዲሁ ሳያስብ አልቀረም። ይህን ስንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፤ «አባባ፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው» አለን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ ተነሥተን ለወላጆች የምንመክረው ጥቂት ነው። ሕፃን ልጅ እንዲህ ያለውን ፊልም አይየው፤ የስምንት ዓመት ልጃችን በቅዳሜ ማታ ቀድማ ትተኛለች፤ ብታለቅስም አንሰማትም። የጐለመሰ ልጅ የሚወደውን ነገር ግን ከመከልከላችሁ በፊት ከእርሱ ጋራ ተቀምጣችሁ እስከ ፍጻሜው እዩ፤ ለምን እንደሚወደውም ጠይቁት። ካያችሁ በኋላ ክፉ ሆኖ ከተገኘ ከልክሉ፤ ሥልጣኑ የእናንተ ነውና። ሳያዩ የከለከሉት ግን ልጁ ፊልሙን መውደድ አይተውም፤ የሚተወው ለአባቱ መንገርን ነው።