ከግቢ የሚወጣ ጌጥ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

በካምፓላ፣ በዋንዴገያ ሠፈር፣ ግቢውን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የሚመረምር ሰው አሮጌ የብር ጌጥ ቢያገኝ አስቀድሞ ወደ አንጥረኛ መሮጡ ደግ አይደለም። አንጥረኛ የሚያየው ሚዛኑን ነውና አቅልጦ ታሪኩን ያጠፋዋል። በጌጡ ላይ ጠገራ ብር ተንጠልጥሎ 1780 የሚል ቢነበብም አያታልል፤ ይህ የአውስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ሲሆን፣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በዚሁ ቁጥር እጅግ ብዙ ብር ተመትቷል። ስለ ዕድሜው ከቁጥሩ ይልቅ የተገኘበት ጥልቀትና አብሮት የወጣው ዛጎል ወይም ጨሌ የተሻለ ይመሰክራሉ። ጥቁረቱንም በአመድ መፈተግ (የብዙ ቤት ልማድ ነው!) ቅርጹን ይበላዋል። በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የኡጋንዳ ሙዚየም በዚያው ከተማ ሳለ፣ ዕቃውን ከነአፈሩ ወስዶ ማሳየት ምን ይከብዳል?