የፈረስ አፍንጫ ደጋግሞ ሲፈስ፦ ሕመሙ ከመንጋጋ፣ ክፍተቱ ከአገልግሎቱ

ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚፈስና የሚሸት ንፍጥ፤ መርፌ ሲወጋ የሚደርቅ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ የሚመጣ። ይህ ምልክት በፈረስ ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አለዚያም ያው መርፌ ይደገማል። የእንስሳት ሕክምና ሳይንስ ግን ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታል። የሚመላለስ የአንድ ወገን ንፍጥ ከሚነሳባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የታመመ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። ጥርሱ ካልታየ ንፍጡ አይቆምም።

ጉዳዩ የአንድ እንስሳ ሕመም ብቻ አይደለም። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. ግምት መሠረት ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶችና ከ10 ሚሊዮን በላይ አህዮች አሏት። ይህን ያህል ብዛት ያለው የጋማ ከብት የሚያኝከው፣ የሚሠራውና የሚያተርፈው ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው። ሆኖም በእንስሳት ጤና አገልግሎታችን ውስጥ የፈረስ አፍ የሚመረመርበት መደበኛ ሥርዓት የለም ለማለት ይቻላል።

የከተማው ነዋሪ የማያየው ጉልበት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው ፈረስ የበዓል እንስሳ ነው። የካቲት 23 በዓድዋ ድል መታሰቢያ ያጌጡ ፈረሰኞችን ያያል፤ በቀረው ጊዜ የፈረስ ኮቴ አይሰማም። ነገር ግን በዚያው ሰፈር ሱቅና ምግብ ቤት የሚቀርበው ጤፍ፣ ድንችና ባቄላ የጭነት መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት፣ ከማሳ እስከ መንገድ ዳር ያለውን ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በጋማ ከብት ጀርባ ወይም በጋሪ ነው። የከተማው ገበታ ሳያውቀው በፈረስና በአህያ ጉልበት ላይ ቆሟል።

በአማራ ክልል ግንኙነቱ ይበልጥ የቀረበ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፈረስ እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል፤ እህል ይጭናል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ያደርሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ የሚካሄደው በዓል ፈረስ በአካባቢው ያለውን ክብር ያሳያል። በትንንሽ ከተሞች ደግሞ የባለጋሪው ቤተሰብ የዕለት ጉርስ የሚገኘው ከአንድ ፈረስ ነው። ፈረሱ አንድ ሳምንት ከቆመ የዚያ ሳምንት ገቢም አብሮ ይቆማል።

ጥርሱና የፊት አጥንቱ እንዴት ይገናኛሉ?

ያደገ ፈረስ በአፉ የኋለኛ ክፍል 24 መንጋጋ ጥርሶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ማለት ነው። እነዚህ እንደ ሰው ጥርስ አንድ ጊዜ በቅለው የሚቆሙ አይደሉም። ረጅሙ ክፍላቸው በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና፣ ፊቱ በማኘክ ሲያልቅ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ እያለ ይተካል።

የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ጥርሶቹ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም፤ ያልተፋጨው ጠርዝ እየሾለ ይሄዳል። ከላይ የሾለው ጉንጭን፣ ከታች የሾለው ምላስን ያቆስላል። ቀኑን ሙሉ ሸካራ ሣር የሚግጥ ፈረስ መንጋጋውን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ ስለሚያንቀሳቅስ ጥርሱ በተሻለ ሁኔታ ይፋጫል። ቀኑን በጋሪ ውሎ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመገብ፣ ቀለቡም ፉርሽካና ጥራጥሬ የሚበዛበት ፈረስ ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ወደ አፍንጫው ሕመም የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በላይኛው ረድፍ የመጨረሻዎቹ 4 ጥርሶች ሥር የሚያርፈው በፊት አጥንት ውስጥ በሚገኝ፣ አየር በሞላው ሰፊ ክፍተት ላይ ነው። ይህ ክፍተት በሕክምና ቋንቋ ሳይነስ ይባላል። በጥርሱ ሥርና በሳይነሱ መካከል ያለው ስስ አጥንት ብቻ ነው። ጥርስ ሲሰነጠቅ ወይም በጥርሶች መካከል የተወተፈ ምግብ ሲበሰብስ ሥሩ ይመግላል፤ መግሉም ስሱን አጥንት አልፎ ወደ ሳይነሱ ይገባል። ሳይነሱን ከአፍንጫ ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ ጠባብና ከወለሉ ከፍ ያለ በመሆኑ መግሉ እዚያው ይጠራቀማል። ከሞላ በኋላ የሚፈሰው ትርፉ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም የሚያየው ይህን ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በገበያ ቀን ፈረስ የሚገዛ ገበሬ የእንስሳውን አፍ ከፍቶ ዕድሜውን ከፊት ጥርሱ ያነባል፤ ይህ ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ትክክለኛ ዕውቀት ነው። ነገር ግን የፊት ጥርስ ዕድሜን እንጂ የመንጋጋን ጤና አይናገርም። ችግሩ የሚደበቀው ያለ መሣሪያ ዓይንም እጅም በማይደርስበት የኋለኛው ክፍል ነው። ፈረሱን ስንገዛ አፉን እናያለን፤ ከገዛን በኋላ ግን ዳግመኛ አንከፍተውም።

መርፌው ለምን አይበቃም?

በየወረዳው በብዛት የሚገኙት ፔንስትሬፕና ኦክሲቴትራሳይክሊን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በደም አማካኝነት ይሠራጫሉ። በሳይነሱ ውስጥ ወደ ረጋ መግልና ወደ ሞተ የጥርስ ሥር ግን በበቂ መጠን አይደርሱም። በዙሪያው ያለው እብጠት ለጊዜው ስለሚቀንስ ንፍጡ ይደርቃል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ምንጩ ስላልተነካ ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ዑደት ዋጋ በሦስት በኩል ይከፈላል። ባለቤቱ ለመድኃኒት ደጋግሞ ያወጣል፤ ፈረሱ በሚታከምበት ጊዜ ሥራ ይፈታል። እንስሳው ማኘክ እያቃተው ይከሳል፤ ልጓም ሲገባለት ይሸሻል፤ ጭንቅላቱን ይወረውራል፤ ይህም «ዐመለኛ» ያሰኘዋል፣ ለዱላም ይዳርገዋል። ሦስተኛው ዋጋ የማኅበረሰቡ ነው። ያለ ውጤት የሚደጋገም ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት፣ መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያን እንዲበዙ ያደርጋል፤ ጉዳቱም ለሰው ይተርፋል።

ትክክለኛው ሕክምና የሚጀምረው ከምርመራ ነው። ባለሙያው ፈረሱን በማረጋጊያ መድኃኒት ካረጋጋ በኋላ፣ በአፍ መክፈቻና በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መንጋጋ ይመለከታል፤ ራጅ ባለበት ሥሩን በራጅ ያረጋግጣል። የታመመው ጥርስ ይነቀላል፤ ይህም ፈረሱ እንደ ቆመ በማረጋጊያና በማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል። ከዚያም በፊት አጥንት ላይ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ሳይነሱ ለተከታታይ ቀናት ለብ ባለ የጨው ውሃ ይታጠባል። መድኃኒቱ የሚያግዘው ይህ ሲደረግ ነው።

ሁሉም ንፍጥ አንድ አይደለም

ንፍጥ ያየ ሁሉ ጥርስ ይነቀል ማለት አይደለም። ከሁለቱም ቀዳዳዎች የሚፈስ ንፍጥ፣ ትኩሳትና ከመንጋጋ ሥር የሚወጣ ንፍፊት አብረው ከታዩ፣ ስትራንግልስ የተባለው ተላላፊ የፈረስ በሽታ ሊጠረጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ፈረስ ከሌሎች ተለይቶ፣ በራሱ መኖና ውሃ ማጠጫ መያዝ አለበት። ከአፍንጫ አረፋ የሚወጣው፣ የሚያተኩሰውና በጭንቅ የሚተነፍስ ፈረስ ደግሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ መነገር አለበት።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ፈረስ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ምግብ ከአፉ ይወድቃል። ከሩቅ ሲታይ የጥርስ ሕመም ወይም የታነቀ እንስሳ ይመስላል። ስለዚህ በድንገት መብላት ያቆመና የሚዝረበረብ ፈረስ አፍ ውስጥ እጅ መስደድ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ምራቁ የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ቦታውን በብዙ ውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የጥርስ ሕመም አመጣጡ ዝግ ያለ ነው። ፈረሱ ያላመጠውን ሣር እንደ ኳስ አድርጎ ይጥላል፤ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል፤ ፋንድያው ውስጥ ያልደቀቀ ገለባና ሙሉ ጥራጥሬ ይታያል፤ አፉ ይሸታል፤ ከዓይኑ በታች ባለው አጥንት በአንድ ወገን እብጠት ይወጣል፤ በዚያው ወገን ዓይኑ ያለቅሳል።

አገልግሎቱ የት ላይ ተጓደለ?

የእንስሳት ልማት ዕቅዶቻችን የሚለኩት በሊትርና በኪሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮ፣ በማርና በዓሣ ላይ ያተኩራል፤ ዓላማውም የሚደገፍ ነው። ፈረስ ግን የሚሰጠው ጉልበት ስለሆነ በእነዚህ መለኪያዎች ውስጥ አይገባም። ወተቱን ወደ መሰብሰቢያ የሚያደርሰው እንስሳ በወተቱ ስሌት ውስጥ አልተቆጠረም።

ዓለም አቀፍ ተቋማት ይህን ክፍተት ካዩት ቆይተዋል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥራ የሚውሉ የጋማ ከብቶችን ደኅንነት የሚመለከት ምዕራፍ በደንቡ ውስጥ አካቷል። በአገራችንም በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር በመሆን የጋማ ከብት ሕክምና ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ቢሾፍቱ ለኦሎምፒያ ነዋሪ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ለባንጃ ወይም ለጓጉሳ ገበሬ የማይደረስ ነው። መፍትሔው ፈረሱን ወደ ሆስፒታሉ መውሰድ ሳይሆን ዕውቀቱን ወደ እንስሳት ጤና ኬላው ማውረድ ነው።

የሚነሳው መከራከሪያ የታወቀ ነው። በጀቱ ውስን ነው፤ አባሰንጋ፣ የበጎችና ፍየሎች ደስታ መሰል በሽታና ሌሎች ገዳይ ወረርሽኞች ክትባት ይጠብቃሉ፤ ጥርስ ይደርሳል ይባላል። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ክትባት ሊቀድም ይገባል። ነገር ግን የአፍ ምርመራ ከክትባት በጀት የሚሻማ ትልቅ ወጪ አይደለም። አፍ መክፈቻ፣ ረጅም እጀታ ያላቸው የጥርስ ሞረዶች፣ የባትሪ መብራትና የሠለጠነ እጅ ናቸው የሚያስፈልጉት። መሣሪያዎቹ ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ጎረቤት ወረዳዎችም በጋራ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። በሌላ በኩል ውጤት ለማያመጣ ተደጋጋሚ መርፌ የሚወጣው ገንዘብ ዛሬም ከገበሬው ኪስ እየወጣ ነው።

ምን ይደረግ?

በክልል ደረጃ ሦስት ነገሮች ሊጀመሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የእንስሳት ሕክምና መምህራን ለወረዳ ባለሙያዎች አጭር የተግባር ሥልጠና የሚሰጡበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። ሁለተኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መኸር ተሰብስቦ የእርሻ ሥራ ሳይጀመር የአፍ ምርመራ ዘመቻ ማካሄድ ነው። በአዊ ከጥር 23 በዓል በፊት ያሉት ሳምንታት ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ፈረሰኛው ፈረሱን ለበዓሉ የሚያዘጋጅበት ወቅት ነውና፣ ማኅበሩም አባላቱን በየቀበሌው ማሰባሰብ ይችላል። ሦስተኛው የባለጋሪ ማኅበራት ከአባላት በሚሰበሰብ አነስተኛ መዋጮ ለምርመራ የሚከፍሉበትን አሠራር መዘርጋት ነው።

ባለቤቱም ዛሬውኑ የሚያደርገው አለው። ፈረሱን ከፍ ባለ ገንዳ ከመመገብ ይልቅ መኖውን መሬት ላይ፣ በንጹሕ ቦታ ማቅረብ፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ሲል ንፍጡ በቀላሉ ይወርዳል። በሥራ መካከል ሣር የሚግጥበት ጊዜ መስጠት። የሁለቱን አፍንጫ ትንፋሽ በየሳምንቱ ማሽተትና ማነጻጸር። ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ያለ ፈረስ የወተት ጥርሱን የሚለውጥበት ጊዜ ስለሆነ በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር። ጥርስ የተነቀለለት ፈረስ ተቃራኒው ጥርስ እየረዘመ ስለሚሄድ በየ6 ወሩ መታየት አለበት።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። ያበጠ ፊትን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም ጥርስን በመዶሻና በመሮ መስበር ሕመሙን ያባብሳል። ለአንድ ፈረስ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም፤ የተጀመረም በመሐል አይቋረጥም።

ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ደግሞ አንድ ቀላል መመሪያ ብዙ ይለውጣል። አንድ ፈረስ በተመሳሳይ የአንድ ወገን ንፍጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሦስተኛ መርፌ ከመታዘዙ በፊት አፉ ይከፈት።