ቪዲዮው ረዘመ፣ ትምህርቱ አጠረ

ሮቤ ነን እንበል። አባታችን ስንዴው ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት አይቶ "እስቲ ዩቲዩብ ላይ እይልኝ" ይለናል። ከፈትን። ሰላምታ፣ ሙዚቃ፣ "ሰብስክራይብ አድርጉ"፣ ማስታወቂያ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ዳታው አለቀ፤ የመድኃኒቱ መጠን ገና አልተነገረም።

አንዱ ምክንያት ብር ነው። ዩቲዩብ በፈረንጆቹ 2020 ቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ለማስገባት የሚጠየቀውን ርዝመት ከ10 ደቂቃ ወደ 8 አወረደው። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር ስምንት እንዲሞላ ይለጠጣል። በ2021 ደግሞ የዲስላይክ ቁጥር ተደበቀ። ድሮ እሱን አይተን እናልፍ ነበር፤ አሁን ዳታችንን ከፍለን ነው የምናውቀው።

ርዝመቱስ ይሁን። ችግሩ ዋግ ራሱ ይለዋወጣል። በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴውን ከመታው በኋላ፣ እሱን ይቋቋማል የተባለው ዲጋሉ ባሌና አርሲ በሰፊው ተዘራ። በ2013 ያንኑ ዲጋሉን የግንድ ዋግ ጨረሰው። የቆየ ምክር በአዲስ ርዕስ ተቆራርጦ ቢለቀቅ በምን እንለያለን? ደግሞ ባሌ በዓመት ሁለቴ ይዘራል፤ የት እንደተቀረጸ የማይናገር ቪዲዮ "በዚህ ወር ርጩ" ቢለን ምን ይሠራልናል?

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ነጻ ጥሪ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ምክር ያሰማል፣ ሰብስክራይብ አይልም። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚሁ ሮቤ አጠገብ ነው። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይልቀቁልን፣ ሼር ማድረጉ የእኛ ሥራ ነው። እስከዚያው ቪዲዮው የተለቀቀበትን ቀን እዩ፤ መጠኑን ግን ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ አንብቡላቸው።