የአንጎል ምርምር ከደጅ ይጀምራል

በዩኒቨርሲቲያችን ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሣይንስ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ያ የሀብታም አገር ሥራ ነው» ይባላል። የሚታሰበውም ነጭ ካፖርት የለበሰ ሊቅ፣ ክፍል የሚሞላ መሣሪያና ተቆጥሮ የማያልቅ ገንዘብ ነው። እኛ ግን ይህን አስተያየት አንቀበለውም። የማንቀበለውም ለክርክር ያህል ሳይሆን፣ የአገራችን የምርምር ታሪክ ራሱ ተቃራኒውን ስለሚመሰክር ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የአንድ የነርቭ ምርምር ተቋም ውሎ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ታላቅ ግኝት የሚገኝበት ቀን በዓመት አንድም ላይኖር ይችላል። የቀረው ቀን የሚያልፈው ዕቃ በማጠብ፣ መዝገብ በመሙላት፣ ትናንት የተለካውን ዛሬ እንደገና በመለካት ነው። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ምት ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ ውጤቱን ያሳተመው ግን በ1929 ነው። በመካከሉ ያሉትን አምስት ዓመታት ያሳለፈው ምቱ በእርግጥ ከአንጎል የመጣ መሆኑን ሲያጣራ ነው። እንግዲህ የዚህ ሥራ ዋናው ሀብት ትዕግሥትና ጥርጣሬ ነው ማለት ይቻላል። እነዚህን ደግሞ ከውጭ አገር ማስመጣት አያስፈልግም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ያደረጉትን ጥናት እናገኛለን። የዚያ ጥናት ትልቁ መሣሪያ እግር ነበር። የሠለጠኑ የጤና ረዳቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን አዳረሱ፤ ምልክት የታየባቸውንም ሐኪሞች መረመሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። በየጓዳው ተደብቀው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በዚህ ዓይነት በቁጥር ታወቁ። ያልተቆጠረ በሽተኛ መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ በጀትም አይያዝለትም።

የቡታጅራው ነገር ከኛ ሩቅ አይደለም። በመኝታ ቤቶቻችን ዛሬም አንድ ተማሪ በድንገት ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ ሰው አይጠፋም። መውደቁ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚያበቃ፣ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ከአንድ ነገር በኋላ የመጣ ሁሉ በዚያ ነገር ምክንያት አለመምጣቱን ማወቅ የሣይንስ ተማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ይህን ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን በመኝታ ክፍል ከረሳነው ምን ተማርን? በሽታው በመንካት አይተላለፍም። የሚያስፈልገው የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በአፉ ምንም ነገር አለመክተት፣ ሰዓት መያዝና ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ፊኖባርቢታል የተባለ መድኃኒት አለ፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ርካሽ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጓያ ነው። ዝናብ ሲያጥርና ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም፤ ድሀውን ያኖረዋል። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ይሰብራል። ገበሬው ክፋቱ ከእንፋሎቱ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ግን መርዙን ከፍሬው ውስጥ ለይተው አወጡት። ይህ መርዝ አንጎል ራሱ መልእክት ለማስተላለፍ ከሚጠቀምበት ግሉታሜት ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ስለሚመሳሰል፣ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ያለ ልክ እየቀሰቀሰ ይጎዳቸዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ወሎ ደላንታ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ሕመም ሽባ ሆኗል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ስለዚሁ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ጓያ በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ ሲበላ አደጋው እንደሚጨምር፣ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ ግን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የነርቭ ሣይንስ ጥያቄ የተጠየቀው በእናቶቻችን ማጀት ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ወደምንኖርበት ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንመልስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካውን ጥራጊ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በወንዙ ውሃ አትክልት ይለማል፤ አትክልቱም ገበያ ይወጣል። በዚሁ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርሳስን የመሳሰሉ ከባድ ብረታ ብረቶች አግኝተውበታል። እርሳስ በሕፃናት አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ ከአጥራችን ውጭ የተከፈተ ትልቅ የምርምር ክፍል አለ፤ የጎደለው ወደዚያ የሚወጣ ተማሪ ነው።

«ባለሙያስ የት አለ?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ቁጥራቸው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ዛሬም እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ወንዝ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚለካው ኬሚስት ነው፤ የጓያ ዱቄትን የሚመረምረው የምግብ ሣይንስ ተማሪ ነው፤ በማይክሮቮልት የሚቆጠረውን የአንጎል ምት የሚያጎላውን መሣሪያ የሚሠራውም የሚጠግነውም ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ሐኪሙ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ስለሆነም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን በያንዳንዱ የመኝታ ሕንፃ ለሚወድቅ ሰው የሚደረገውን እርዳታ ያስተምር፤ በግድግዳም ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ከመመረቂያ ጽሑፎች ጥቂቶቹን ለወንዙ፣ ለጓያውና ለመሣሪያው ይመድቡልን፤ ከሐኪሞችም ጋር ያገናኙን። ሦስተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ሳይፈራ ቢናገር ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው እንዲሰጠው፣ በፈተና ሰዓት ቢታመምም ሌላ ቀን እንዲፈተን በደንብ ይጻፍ። ዛሬ ስሙ እንዳይነሣ ብሎ ከላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛ ወንድም ወይም እኅት ቢኖረን፣ በየሌሊቱ ሕይወቱን ለሐፍረት አስይዞ ይተኛል ማለት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንዲደበቅ ያደረግነው እኛ ከሆንን ወቀሳው የታማሚው ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ጥያቄያችን ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ፊርማ ይበቃዋል። ሥራው ከዚያ ይጀመር።