ሙቀቱን እንከላከል፤ ዓይናችንን አንጋርድ

መንገድ የሚሻገር እግረኛ ከመኪናው ይልቅ የሚመለከተው የነጂውን ዓይን ነው። አይቶኛልን? ያሳልፈኝ ይሆን? ብሎ የሚጠይቀው በዓይኑ ነው፤ መልሱንም የሚያገኘው ከነጂው ዓይን ነው። እንግዲህ መስታወቱ እንደ ከሰል የጠቆረ መኪና ሲመጣ ማንን እንጠይቅ?

ይህን ያነሣሁት በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት በተባለችው ከተማችን በአምቦ፣ ቲንት የሚሉትን ጥቁር ፊልም በመኪና መስታወት ላይ መለጠፍ የጌትነት ምልክት እየመሰለ ስለ መጣ ነው። ለምን ለጠፍህ? ቢሉት «ፀሐዩን ለመከላከል» ይላል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ የሚመጣው መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነውና፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አምቦ፣ ጧትም ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ነገር ግን ጨለማና ቅዝቃዜ አንድ አይደሉም።

ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው። በቀለም ብቻ የተነከረው ርካሽ ፊልም የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ይህን ጨረር እምብዛም አይከለክልም፤ ዓመታት ሲያልፉም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፣ ይነፋፋልም። ስስ ብረት የተቀባው ሙቀቱን መልሶ ያንፀባርቃል፤ ግን የሬዲዮና የስልክ ሞገድ ሊያውክ ይችላል። የካርቦኑ ከቀለሙ የተሻለ ሙቀት ይከላከላል፣ ቶሎም አይለቅም። ሴራሚክ የሚባለው ግን ዋጋው ቢወደድም ብርሃኑን እያሳለፈ ኢንፍራሬዱን ለይቶ ያስቀራል። ስለዚህ ሙቀትን የሚሸሽ ሰው ጨለማን ለመግዛት አይገደድም።

የፊልሙ ቁጥር የሚያሳልፈውን ብርሃን ያመለክታል። 35 ማለት ከመቶ 35 እጅ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። መስታወቱ ራሱ 80 እጅ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲደረቡ 28 ብቻ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሥራ ላይ የዋለ መኪና የፊት መስታወቱ ቢያንስ 75፣ በነጂው ግራና ቀኝ ያሉት 70 እጅ እንዲያሳልፉ ሕጉ ያስገድዳል። የእኛ መንገድ ደግሞ ሲመሽ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰውና ከብቱ በአንድነት የሚጓዙበት ነው። በዚያች ሰዓት 28 እጅ ብርሃን ለነጂው ምን ያሳየዋል?

«የግል ኑሮዬን ሰው እንዳያይብኝ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሕግ በፈቀደለት መጠን የኋላውን ወንበር ይሸፍን፤ አንከራከረውም። ነጂው ግን መሪ በጨበጠ ጊዜ በሕዝብ መንገድ ላይ ነውና የግል ሰው አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ አብዛኞቻችን እግረኞች ነን፤ ነገ ተመርቀን መኪና የምንይዝ እንኖራለን። ዛሬ ከነጂ የምንፈልገውን ነገ እኛው ነጂ ስንሆን አንርሳ። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ ዓይኑ ከተጋረደ ልብ በምን ይፍረድ?