ደብሊንን ከመስኮት ብቻ ላየናት

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቶሮንቶ ከበረርነው መካከል ብዙዎቻችን ደብሊንን እናውቃታለን፤ የምናውቃት ግን ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። አየር መንገዳችን ለዓመታት መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነበር። በሰኔ 2007 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ መስመር ሲከፈትም ማረፊያው ደብሊን ሆነ። አረንጓዴውን ሜዳና ካፊያውን አይተን እናልፍ ነበር፤ መውረድ ግን አላማረንም።

እኔ እንድንወርድ እፈልጋለሁ። ለካልጋሪ ነዋሪ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ዌስትጄት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰመር ወራት ከዚህ ደብሊን በቀጥታ ሲበር ቆይቷል፤ ማታ የተሳፈረ በማግስቱ እዚያ ነው። የዕረፍት ጊዜያችን ግን ወይ ለአዲስ አበባ ሠርግና ለቅሶ ይውላል፣ ወይ በዘመድ ጥየቃ ያልቃል። ይህን አልነቅፍም። ሆኖም ከአንዱ ዓመት አንድ ሳምንት ቆርጠን ልጆቻችንን አየርላንድ ብንወስዳቸው ሌላ ቦታ የማያገኙትን ነገር ያያሉ።

እዚህ ካናዳ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን የወላጆቻቸው አገር ሲነሣ ቀድሞ የሚሰሙት ስለ ረሃብ ነው። ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛም ብንሆን የ1977ቱን ረሃብ በቤታችን አናነሣም፤ ስለ አክሱምና ስለ ዓድዋ እንነግራቸውና ስለ ኮረም ዝም እንላለን። ዝምታችን ነውር ያለበት ነገር አስመስሎታል።

ደብሊን መሀል፣ ሊፊ ወንዝ ዳር፣ ከከስተም ሃውስ አጠገብ የቆሙትን የነሐስ ሰዎች ያየ ልጅ ይህን ነውር አይሸከምም። አጥንታቸው ገጦ፣ ልብሳቸው ተበጣጥሶ፣ አንዱ ሌላ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ወደቡ ይሄዳሉ። ሮዋን ጊሌስፒ የቀረጻቸው እነዚህ ሐውልቶች ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው አሉ። ዙሪያቸው የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች ሕንጻ ነው፤ አየርላንዶች የተራቡ አያቶቻቸውን ከሀብታቸው ሰፈር አላራቋቸውም። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ድንቹን በሽታ ሲመታው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ፤ በዚያው ጊዜ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ ዛሬም ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤድ የተባለውን ኮንሰርት ለእኛ ወገን ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍም የዚህች አገር ልጅ ነው። ልጆቹ ይህን ሐውልቱ ሥር ቆመው ቢሰሙት ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ለከተማው ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል። ብዙው ጎብኚ በ800 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈውን የኬልስ ወንጌል ለማየት ትሪኒቲ ኮሌጅ ይሰለፋል፤ ያምራልና ተሰለፉ። ግን ደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውን ቼስተር ቢቲን አትለፉት። መግቢያው በነጻ ነው፤ ከስብስቡ መካከልም በግእዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍት አሉ። ሁሉም ሁልጊዜ ለእይታ ስለማይቀርቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ከደብሊን ወደ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታችሁ ሞናስተርቦይስ የሚባለውን የጥንት ገዳም እዩ። እዚያ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከሺህ ዓመት በፊት የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ በላዩም አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ አሉ። ቁራ ኅብስት ያመጣላቸው የነበሩት፣ በስንክሳራችን የምናውቃቸው የግብፅ በረሃ አባቶች ናቸው! ምንኩስና ከዚያ በረሃ ተነሥቶ ወደ እኛም ወደ እነርሱም ደርሷል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ። ደሴቲቱን በአንድ ሳምንት ልዙር የሚል ሰው የሚያየው አስፋልት ብቻ ነው፤ ደብሊንና ጋልዌይ ሁለት ማደሪያ ይበቃሉ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ባቡሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። መኪና ከፈለጋችሁ ጋልዌይ ተከራዩ፤ አነዳዱ በግራ ስለሆነ በደብሊን ግርግር መልመድ አያስፈልግም። አውቶማቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ቀድማችሁ ያዙ። ሁሉም የሚሮጥለት የሞኸር ገደል 214 ሜትር ነው፤ ግሩም ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። አንዱን ምረጥ ብባል ግን ወደ ሰሜን፣ በሊናን በኩል፣ ሜዮ ውስጥ ያለውን የዱሎክን ሸለቆ እመርጣለሁ። በመጋቢት 1849 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የተራቡ ሰዎች ከእርዳታ መዝገብ እንዳይሰረዙ በብርድ ከሉዊስበርግ ተነሥተው ዴልፊ ድረስ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱም ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ዛሬ በየዓመቱ ያንኑ መንገድ በእግር እየሄዱ ያስቧቸዋል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ዴዝሞንድ ቱቱም አብረው ተጉዘዋል። ሐይቁ፣ ተራራውና አንዲት የድንጋይ መታሰቢያ አሉ፤ ሱቅ የለም።

የወረቀቱን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ለአየርላንድ ቪዛ አያስፈልገውም። በፒአር ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ግን የግድ የአየርላንድ ቪዛ ማውጣት አለበት፤ አየርላንድ ሼንገን ውስጥ ስላልሆነች የሼንገን ቪዛም አያስገባም። ቤልፋስት ደግሞ የብሪታንያ ናት፤ ድንበሩ ላይ ኬላ ስለሌለ ባቡሩ ዝም ብሎ ያሻግራል፣ ሕጉ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ የብሪታንያ ቪዛ ይጠይቃል። ፍልሰታ ላይ የምትጾሙ ከሆነ ስንቅ ያዙ፤ በገጠሩ ሾርባው ክሬም፣ ዳቦው ቅቤ አያጣም።

ከሁሉ በፊት ግን በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ወሎ ወይም ትግራይ የነበረ ዘመድ ካላችሁ፣ ፈቃዱ ከሆነ በስልክ ከልጆቹ ጋር አገናኙት። ያየውን በራሱ አንደበት ይንገራቸው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ።