ጥይት ልጅ ተልኮ አይገዛም

ባለፈው ወር ስለ በርበሬ ነበር የተጫወትነው። የዛሬው ከወጥ ቤት ትንሽ ወጣ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ማታ ሬስቶራንቱን ዘግቶ ገንዘብ ይዞ መውጣት ሲያሳስበው ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ገዛ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሥራ በዝቶበት፣ የእህቴን ልጅ ጠርቶ "እስቲ ዋልማርት ሂድና አንድ ፓኮ ጥይት አምጣልኝ" አለው። ልክ ስኳር እንደሚልከው! ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ የመጣውም በተማሪ ቪዛ ነው። የመኪና ቁልፍ አንስቶ ሊወጣ ሲል፣ ቡናውን ይጠጣ የነበረ አንድ ጠበቃ ደንበኛችን "ቆይ፣ ቆይ! እስቲ ቁጭ በል" አለው። ያን ቀን የነገረንን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ልጁ ቢሄድም ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው። ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ በሚገኘው ዋልማርት ኦገስት 2019 በተከፈተ ተኩስ 23 ሰዎች አለቁ። በወሩ ኩባንያው የሽጉጥ ጥይትና ለወታደር ዓይነት ጠመንጃ የሚሆኑ ጥይቶችን መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። የአደን ጥይት ግን አላቆመም።

ሁለተኛው የዕድሜ ነገር ነው። በፌደራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የሽጉጥ ጥይት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ፣ የጠመንጃ ጥይት ደግሞ ከ18 በታች ለሆነ ሰው መሸጥ አይችልም። ዋልማርት በ2018 ከፓርክላንዱ የትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ለሁሉም 21 ብሎ ራሱ ከፍ አድርጎታል።

ሦስተኛው ነው እኔን ያስደነገጠኝ። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ ወረቀት የሌለውም፣ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ጥይትም መያዝ በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። ለቪዛ ባለቤቶች እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ በዚህ አይከለከልም። የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ጥይት የሚሰጠውም ሰው ይጠየቃል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ትምህርቱንም እዚህ አገር መቆየቱንም፣ ባለቤቴም ራሱን ለአንድ ፓኮ ሊያጡ ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ሱቁ አይከለክለውም?" ብዬ ጠየቅኩ። እዚህ ጆርጂያ ጥይት ሲገዛ እንደ ሽጉጡ የጀርባ ታሪክ ምርመራ የለም። ካሸሯ መታወቂያ ላይ ዕድሜ ታያለች እንጂ ቪዛ አትጠይቅም። ስለዚህ ሸጡልኝ ማለት ተፈቀደልኝ ማለት አይደለም። ጥያቄ ያለው ከመግዛቱ በፊት ጠበቃ ያነጋግር። ሳይቃጠል በቅጠል!

አራተኛውን እኔ ልጨምር። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ከአትላንታ ብዙም በማትርቀው ዊንደር፣ በአፓላቺ ሃይስኩል 2 ተማሪዎችና 2 መምህራን ተገደሉ። የተከሰሰው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱም አብሮ ተከሰሰ። መሣሪያ ያላችሁ ወላጆች ሽጉጡን ቆልፉ፣ ጥይቱንም ለብቻው ቆልፉ፣ ቁልፉን ልጅ አይወቀው። እናንተ ልጆች ደግሞ ጓደኛችሁ ቤት ጥይት ካያችሁ አትንኩ፤ ከክፍሉ ውጡና ለትልቅ ሰው ንገሩ። ይህ ማሳበቅ አይደለም።

ጎጃም ሳለን አባቴ ምንሽር ነበረው። ዝናሩ ላይ ስንት ጥይት እንዳለ ሌሊት ቢቀሰቅሱት ይነግራችኋል። እኛን ልጆቹን ጠላ ቅዱ፣ ጨው ግዙ ብሎ ይልከናል እንጂ፣ ጥይቱን አንድም ቀን አስይዞን አያውቅም። ባለቤቴም አሁን የሚፈልገውን ራሱ ሄዶ ይገዛል። የእህቴ ልጅ ስኳር ያመጣል።

በሉ፣ ወር ሰው ይበለን።